የበርበሬ በረንዳ ሚዛንና የሰው ክብደት

(ስለ ምግብ ቅነሳ አጭር ጥናት)

ክብደታቸውን ለመቀነስ ብለው ምግባቸውን እጅግ የሚያሳንሱ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም። ቁርስ ይቀራል፤ ምሳ ወደ ግማሽ እንጀራ ይወርዳል፤ እራት በሻይ ይታለፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ 2 ወይም 3 ኪሎ ወርዶ ደስ ያሰኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው ሚዛን አንድ ቀን ይወርዳል፣ አንድ ቀን ይወጣል፣ ሦስት ቀን ደግሞ ንቅንቅ አይልም። በዚህን ጊዜ የተራበው ሰው «ምንም ሳልበላ እንዴት እጨምራለሁ?» እያለ ይበሳጫል። ከዚያ በኋላ የሚታየው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ የቀረችውን ጉርሻ ጨርሶ ይቀንሳል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ ሁሉን ይተዋል። ሁለቱም የሚመጡት ሚዛኑ የሚናገረውን ካለመረዳት ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ከበርበሬ ገበያ የምንማረው

ትምህርቱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ በርበሬ በረንዳ፣ በርበሬ መግዛት የሚያውቅ ሰው የሚዛኑን ቁጥር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። የማረቆ ነው ቢሉትም ሆነ የአላባ፣ አስቀድሞ ዛላውን በእጁ ያነሣል፤ ነቅነቅ አድርጎ ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ያዳምጣል፤ ሰበር አድርጎ መድረቁን ያያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርጥበት የያዘ በርበሬ ሚዛን ላይ ይከብዳልና፣ ለውኃ የበርበሬ ዋጋ እንዳይከፍል ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ በርበሬ ከመቶ 10 እጁ ውኃ ቢሆን፣ ደረቁ በርበሬ 45 ኪሎ ነው ማለት ነው። ያው ጆንያ በክረምት እርጥበት ስቦ የውኃው ድርሻ ከመቶ 15 ቢደርስ፣ ሚዛኑ ወደ 53 ኪሎ ይጠጋል። 3 ኪሎ ያህል ተጨመረ፤ በርበሬው ግን አንድ ዛላ እንኳ አልተጨመረበትም። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ደግሞ ጭማሪው ይጠፋል፤ በዚህም ጊዜ ከበርበሬው የተሰረቀ ነገር የለም።

የሰውም ሰውነት እንደዚሁ ነው። ከጎልማሳ ሰው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው። ሚዛን ግን ውኃውን፣ ስቡን፣ ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ በአንጀት ያለውን ምግብ ሳይቀር በአንድነት ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጠናል። እኛ የምንጠይቀው «ስቤ ቀነሰ ወይ?» ብለን ነው፤ እርሱ የሚመልሰው «ሁላችሁም በአንድነት ይህን ያህል ናችሁ» ብሎ ነው።

2ኛ. ስብ በዝግታ፣ ውኃ በፍጥነት

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ የያዘ ክምችት ነው። እንግዲህ በቀን 2,100 ካሎሪ የሚያቃጥል ተማሪ 700 ብቻ ቢበላ፣ በየቀኑ የሚጎድለው 1,400 ካሎሪ ይሆናል። ይህ ጉድለት ሁሉ ከስብ ይሞላል ብንል እንኳ በቀን የሚቀልጠው ስብ 180 ግራም ያህል ነው። በሌላ በኩል ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ የቀረ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ ወደ ሦስት ቀን የሚጠጋ የረኃብ ሥራ ከሚዛኑ ፊት ሊሸፍን ይችላል። ስቡ አልቀለጠም ማለት ግን አይደለም።

ታዲያ ውኃው እንዲህ የሚመላለሰው ስለ ምን ነው? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

ሀ) ግላይኮጅን። ሰውነት ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከመሰለው ምግብ ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ በዚህ ስም ያከማቻል። ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በድምሩ ወደ 2 ኪሎ መሆኑ ነው። ምግብ በድንገት ሲቀነስ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚያልቀው ይህ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ያሰኘን 2 ወይም 3 ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነበር። ከሁዳዴ ጾም በኋላ በፋሲካ ማግሥት ሚዛን ላይ ወጥቶ 2 ኪሎ ጨመርሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰውም ይህን ያስብ። 2 ኪሎ ስብ ለማከማቸት ከሚያስፈልገው በላይ 15,400 ካሎሪ መብላት ይኖርበታል። ይህን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚችል ሆድ የት ይገኛል?

ለ) ጨው። 9 ግራም ያህል ጨው በሰውነት ውስጥ ሲቀር አንድ ሊትር ውኃ ይዞ ይቀራል። ወጣችን፣ አዋዜያችን፣ ሚጥሚጣችን ጨው አለበት፤ በርበሬም ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባበታል። ስለዚህ ትናንት ማታ ጨው የበዛበት ጥቂት ወጥ የቀመሰ ሰው፣ ኩላሊቱ ትርፉን እስኪያስወጣ ድረስ ዛሬ ከብዶ ቢገኝ አያስደንቅም።

ሐ) በአንጀት ያለ ምግብ። ምግብ ሲያንስ ሆድ ይደርቃል። የሁለትና የሦስት ቀን ያልወጣ ነገር ራሱ ክብደት ነው።

መ) የወር አበባ። በብዙ እህቶቻችን ዘንድ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀኖች ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ ከዚያም ይለቀዋል። ስለሆነም የአንድ ሳምንት ክብደት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን፣ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ቢነጻጸር ፍርዱ የተሻለ ይሆናል።

ሠ) ያልተለመደ ስፖርት። የደከመና የታመመ ጡንቻ ለጊዜው ውኃ ይይዛል። ስፖርት በጀመርን ሳምንት ክብደት አልወርድ ቢል ስፖርቱ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም።

3ኛ. ረኃብ ራሱ ውኃ ሲይዝ

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ረኃብ ሲጠና ሰውነት እየከሳ ውኃ ሊይዝ ይችላል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የተባለው ሊቅ ከ1944 ጀምሮ በፈቃዳቸው በቀረቡ 36 ወጣቶች ላይ ይህን አጥንቷል። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ብቻ እየበሉ ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ የሚያህለውን አጡ፤ ሆኖም ቁርጭምጭሚታቸው ያብጥ ነበር። ይበርዳቸው፣ ይቆጡ፣ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ነበር፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እያገላበጡ ይውሉ ነበር። ሰውነታቸውም በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለውን እጅግ ቀነሰ። ውጤቱ በ1950 በሁለት ትላልቅ ቅጾች ታትሟል። አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ሊቃውንቱ «ረኃብ» ብለው ያጠኑት ምግብ፣ ዛሬ አንዳንዶቻችን ለራሳችን ከምንፈቅደው 700 ካሎሪ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን እየበሉ ለፈተና የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ገጹ አልገባ ሲላቸው ስንፍና እንዳይመስላቸው።

አገራችንም ይህን ትምህርት በመራራ መንገድ ታውቀዋለች። ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ ማለትም በዛሬዋ ጋና፣ ያጠናችውና ክዋሺዮርኮር በሚል ስም የታወቀው የሕፃናት በሽታ፣ የተጎዳውን ሕፃን ፊትና እግር ያሳብጣል። ላላወቀ ሰው ልጁ የወፈረ ይመስላል። እብጠቱ ግን ውኃ ነው፤ ልጁ ታክሞ መዳን ሲጀምር እብጠቱ ስለሚጎድል ክብደቱ አስቀድሞ ይወርዳል። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ኋላ ፋፋ የተባለውን ምግብ ያስገኘው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል የተነሣው እንዲህ ያለውን የምግብ እጥረት ለመታገል ነበር። ዛሬም የጤና ሠራተኞቻችን ሕፃኑን በሚዛን ብቻ አይፈርዱትም፤ የክንዱን ዙሪያ በሜትር ይለካሉ፣ እግሩን በጣታቸው ተጭነው ያያሉ። ሁለቱም እግሮች አብጠው ከተገኙ ሚዛኑ ምንም ቢል ሕፃኑ ሕክምና ያስፈልገዋል።

4ኛ. አደጋው

በቀን ከ800 ካሎሪ በታች መብላት በሕክምና የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። የሚታዘዘው ግን ክብደታቸው ለጤናቸው እጅግ አስጊ ለሆነ ሰዎች፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ፕሮቲኑ፣ ማዕድኑና ቪታሚኑ ተለክቶ፣ ሐኪም ደማቸውንና ልባቸውን እየተከታተለ ነው። በ1977ና በ1978 በአሜሪካ የፈሳሽ ፕሮቲን ምግብ ብቻ እየጠጡ ክብደት መቀነስ ፋሽን በሆነበት ጊዜ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል፤ የብዙዎቹ ሞት ከልብ ምት መዛባት ጋር የተያያዘ ነበር። ከዚህም ሌላ በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠር ያመጣል፤ ከረጅም ረኃብ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላትም የደምን ማዕድን አዛብቶ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ሚዛኑ ቆመ ብሎ ከ700 ወደ 400 መውረድ መፍትሔ አይደለም።

5ኛ. እንዴት እንመዘን?

መመዘን የግድ ከሆነ እንደ ጥሩ ነጋዴ እንመዘን። በመንገድ ዳር፣ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ፣ ጫማና ካፖርት ለብሰን የተመዘንነውን ማታ ቤት ካለው ሚዛን ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው። ሚዛኑ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ጧት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ምግብና ውኃ ሳይቀመስ፣ በቀላል ልብስ። የሰባቱን ቀን ቁጥር ጽፈን፣ ደምረን ለሰባት እናካፍል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ ከሰኞ እስከ እሑድ 71.8፣ 71.2፣ 71.9፣ 71.0፣ 71.4፣ 70.9፣ 71.5 ኪሎ ቢመዝን፣ አማካዩ 71.4 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 70.9፣ 71.6፣ 70.8፣ 70.5፣ 71.3፣ 70.4፣ 71.1 ቢሆን፣ አማካዩ 70.9 ነው። ይህ ተማሪ የፊተኛውን ቅዳሜ ከኋለኛው እሑድ ጋር ብቻ ቢያስተያይ በስምንት ቀን 200 ግራም ጨመርሁ ብሎ ያዝናል። አማካዩ ግን ግማሽ ኪሎ ያህል እንደ ቀነሰ ይመሰክርለታል። ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሞላ ፍርድ መስጠት አይገባም። በወር አንድ ሁለት ጊዜ የወገብን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር መለካትም ሚዛኑ የደበቀውን ይገልጣል።

ምግብን በሚመለከት፣ በእርግጥ ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው ከሚያቃጥለው 500 ካሎሪ ያህል ቢቀንስ ይበቃዋል፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉንና አትክልቱን ሳይተው ዘይቱን፣ ስኳሩንና ለስላሳ መጠጡን ያሳንስ። ክብደቱ ለቁመቱ ተገቢ የሆነ ሰው ግን መቀነስ አያስፈልገውም። የሚያዞረው፣ ልቡ የሚመታበት፣ የወር አበባዋ የቀረባት፣ ወይም መብላት እንደ ኃጢአት የሚያስፈራው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ጓደኛሞችም እንዲህ ያለውን ስናይ በቀልድ አንለፈው፤ ማዕድ አቅርበን እንጥራው፣ ወደ ሐኪም ቤትም አብረነው እንሂድ።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። ዛላውን ሳይነቀንቅ ገንዘቡን የሚከፍል ገዢ ውኃ ገዝቶ ይሄዳል፤ በአንድ ጧት ቁጥር ራሱን የሚፈርድ ተማሪም ፍርዱ ከዚህ የተሻለ አይሆንም።