አንድ ሕመም፣ ሁለት ፍርድ፦ ኦፒዮይድና አራስ ሕፃናት በአሜሪካ

ጥያቄ፦ በማሕፀን ሳለ ኦፒዮይድ የደረሰው ሕፃን ሲወለድ ምን ይገጥመዋል?

መልስ፦ ኦፒዮይድ እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን፣ እንዲሁም ሄሮይንንና ፈንታኒልን የሚያጠቃልል የመድኃኒት ወገን ሲሆን፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ እትብቱ በተቆረጠ ጊዜ ሰውነቱ የለመደው ነገር በድንገት ይቋረጥበታል። በዚህ ምክንያት ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በቀጭን ድምፅ አብዝቶ ያለቅሳል፣ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጡት መያዝ ይቸግረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ይህም የመድኃኒት መቋረጥ ሕመም ይባላል።

ጥያቄ፦ የዘር ልዩነት በዚህ ውስጥ የሚገባው በምን በኩል ነው?

መልስ፦ ሕመሙ የቆዳ ቀለም አይለይም፤ ማን እንደሚመረመር፣ ማን እንደሚታከምና ማን ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚጠቆም የሚወስነው ግን ሰው ነው። በፍሎሪዳ ፒኔላስ አውራጃ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽንት ምርመራ ዕፅ ወይም አልኮል የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች ከነጮቹ 15.4 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 14.1 በመቶ ሆነው ሳለ፣ ጥቁሮቹ ለባለሥልጣናት የተጠቆሙት አሥር እጥፍ ያህል በሚበልጥ መጠን ነበር። በማሳቹሴትስ ከ5,000 በላይ ወሊዶችን መርምሮ በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ የኦፒዮይድ ሱስን አረጋግተው እናትንም ፅንስንም የሚጠብቁትን ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የማግኘት ዕድል ለጥቁርና ለሂስፓኒክ እናቶች ከነጮቹ ያነሰ መሆኑን ስላረጋገጠ፣ አድልዎው ሕፃኑ ሳይወለድ እንደሚጀምር ያስረዳል።

ጥያቄ፦ ሕፃኑን ይበልጥ የሚጠቅመው እንክብካቤ የትኛው ነው?

መልስ፦ በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ሕፃኑ በበቂ ሁኔታ ይጠባል ወይ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቆራረጥ ይተኛል ወይ፣ ሲያለቅስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተባብሎ ዝም ይላል ወይ። መብራቱ በደበዘዘና ጸጥ ባለ ክፍል፣ በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ እንዲቆይ ይደረጋል፤ መድኃኒት የሚሰጠውም ይህ ሳይበቃ ሲቀር ነው። በ26 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2023 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ሕፃናቱ ከሆስፒታል ለመውጣት ብቁ እስኪሆኑ የሚወስደው ጊዜ በአማካይ ከ14.9 ወደ 8.2 ቀናት መቀነሱን አሳይቷል።

የእናት እቅፍ የመጀመሪያው መድኃኒት በሆነበት ሕመም፣ በአድሏዊ ጥቆማ እናትን ከልጇ መለየት ሕፃኑን መድኃኒቱን መንጠቅ ነው። ስለዚህ ምርመራ በሐኪሙ ግምት ሳይሆን ለሁሉም እናቶች እኩል በሚሠራ የጽሑፍ መመሪያና በእናቲቱ ፈቃድ ሊካሄድ፣ ሕክምናውም ከእርግዝናዋ ጀምሮ ያለ ልዩነት ሊደርሳት ይገባል።