ከእድሳት የተመለሰ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር አልነሳ ሲል

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች ከእድሳት የተመለሰ ባለ ቤንዚን የውሃ መሳቢያ ሞተር አልነሳ ሲል ጉድለቱን በቅደም ተከተል እንዲለዩ፣ በእጃቸው የሚስተካከለውን እንዲያስተካክሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ደግሞ ለጠጋኙ በትክክል እንዲያስረዱ ማስቻል።

1. መግቢያ

የሽንኩርት ሥር ጥልቀት የለውም፤ በተለይ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ውሃ ከተቋረጠበት ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በበጋ ሞተሩ ቆሞ የሚያልፈው ቀን ሁሉ ከማሳው ላይ የሚቀነስ ነው።

በክትትል ሥራ ላይ ያጋጠመኝን ላንሳ። አንድ አርሶ አደር ሞተሩን ፋሻና ጓርኒሲዮን አስቀይሮ አመጣ። ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ከልጁ ጋር እየተፈራረቁ ገመድ ጎተቱ፤ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈቱት፤ አዲስ ካንዴላም ገዙ። ጉድለቱ የተገኘው ካላሰቡት ቦታ ነው፦ ሽፋኑ ሲገጠም የማጥፊያው ሽቦ ተቆንጥጦ ተልጧል። ሩብ ሰዓትና ቁራጭ የኤሌክትሪክ ፕላስተር በቂ ነበር።

2. ሞተር ለመነሳት የሚፈልጋቸው ነገሮች

ቤንዚን፣ አየር፣ ጋራዦች ኮምፕሬሽን የሚሉት እመቃ፣ እንዲሁም ሰዓቱን የጠበቀ ብልጭታ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ቢሟሉም ሞተሩ አይነሳም። በፍተሻ ጊዜ ሁለት ደንቦችን ይያዙ፦

• ከእድሳት በመጣ ሞተር ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው የሰው እጅ የነካው ክፍል ነው።
• በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ሦስት ነገር አብረው ከነካኩ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም።

3. ጥንቃቄ

የቤንዚን ጀሪካን ከአጠገብዎ ያርቁ። ሞተሩን በጉድጓድ ውስጥ ወይም በተዘጋ ቤት አያስነሱ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

4. የፍተሻ ቅደም ተከተል

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይፈቱ። ማብሪያው በርቷል? የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቾኩ ተዘግቷል? ዘይቱስ ልክ ነው? ብዙዎቹ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ ብልጭታውን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ስለዚህ ዘይት ሳይሞላ ከጋራዥ የወጣ ወይም በተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሞተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ላይነሳ ይችላል። ሜዳ ላይ ያስቀምጡት። ፓምፑንም አስቀድመው ውሃ ይሙሉት፤ ያለ ውሃ ሲሽከረከር የውሃ መከላከያ ጎማው ይቃጠላል።

ደረጃ 2፦ ካንዴላውን ማየት። ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ስበው ካንዴላውን ይፍቱ።
• ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ።
• በቤንዚን የራሰ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ብልጭታው ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ።
• ጥላሸት ከለበሰ ያጽዱት፤ የአየር ማጣሪያውንም ይመልከቱ።
በተለመዱት 5.5 የፈረስ ጉልበት ሞተሮች የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ደረጃ 3፦ ብልጭታውን መሞከር። የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ፤ የፈሰሰውን ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ። ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኝተው፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ይራቅ። እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይያዙትና ሌላ ሰው ገመዱን ይሳብ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ደህና ነው። ካልታየ በሌላ ካንዴላ ይሞክሩ። አሁንም ከሌለ ከቦቢናው የማጥፊያውንና የዘይት መቆጣጠሪያውን ሽቦ ለጊዜው ይንቀሉ። ብልጭታው ከመጣ ጉድለቱ ሽቦው፣ ማብሪያው ወይም መቆጣጠሪያው ነው። ካልመጣ በቦቢናውና በቮላኖው መካከል ያለውን ክፍተት ያስለኩ፤ በነዚሁ ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቮላኖው ማግኔት ከዛገ ያጽዱት።
ማሳሰቢያ፦ ሽቦውን መልሰው ሳያገናኙ ሞተሩን አያስነሱ፤ በማብሪያው ሊያጠፉት አይችሉም።

ደረጃ 4፦ የብልጭታው ሰዓት። ብልጭታም ቤንዚንም እያለ ገመዱ እጅዎን ወደ ኋላ የሚመነጭቅ ወይም በካርቡሬተሩ በኩል የሚተኩስ ከሆነ ሰዓቱ ተዛብቷል። የቮላኖው ብሎን ሳይጠብቅ ቀርቶ ከሥሩ ያለችው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተቆርጣ ይሆናል፤ ወይም በእድሳቱ ጊዜ የውስጥ ጥርሶቹ ምልክት በምልክት አልተገጠሙም። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ በግድ መጎተትዎን ያቁሙ።

ደረጃ 5፦ ቤንዚኑ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ ያድርጉ። ካልፈሰሰ መክፈቻውን፣ ማጣሪያውንና የጋኑ ክዳን መተንፈሻን ያጽዱ። ውሃ ወይም ዝቃጭ ከወጣ ቤንዚኑን ይቀይሩ። ንጹህ ቤንዚን እየፈሰሰ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ የካርቡሬተሩ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ወይም ጓርኒሲዮኑ በትክክል አልተቀመጠም።

ደረጃ 6፦ እመቃው። ገመዱ ያለ ትግል ከተሳበ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ጥቂት ጊዜ ይሳቡ። እመቃው ከጠነከረ ጥርጣሬው ወደ ፋሻው ነው። ካልተለወጠ ወደ ቫልቮቹ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። የቫልቭ ክፍተት ከመጠን በላይ ከጠበበ ቫልቩ አይዘጋም፤ እመቃም አይኖርም።

5. ለጠጋኙ ምን ይንገሩ?

“አልሠራም” ብቻ ካሉ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ክፍያውም እንዲሁ። “ብልጭታ አለው፣ ካንዴላው ይርሳል፣ ገመዱ ወደ ኋላ ይመታል” ካሉ ግን ጠጋኙ በቀጥታ ወደ ቮላኖው ይሄዳል። ሞተሩንም ከጋራዥ ሲረከቡ እዚያው አስነስተው ይዩት።

6. የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ቢገኝ ቦቢና መግዛት ለምን ኪሳራ ይሆናል?
ለ. የማጥፊያው ሽቦ ሲነቀል ብልጭታ ከመጣ ጉድለቱ የት ነው?
ሐ. በቡድን ሆናችሁ በሠርቶ ማሳያው ሞተር ላይ ከደረጃ 1 እስከ 3 ያለውን በተግባር ሞክሩ፤ ያገኛችሁትንም ጠጋኝ ለሆነ ሰው እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ለሌላው ቡድን ተናገሩ።