ስለ ከርነል ሞጁልና ስለ ስሕተት አፈላለግ

ኮምፒውተር በምንከፍትበት ጊዜ፣ ከምናያቸው ፕሮግራሞች በስተ ጀርባ አንድ የማይታይ አስተዳዳሪ አለ፤ እርሱም ከርነል ይባላል። ሜሞሪን ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል፣ ዲስኩንና ኪቦርዱን የሚያዝ እርሱ ነው። በዚህ ዓመት ስለ ሊኑክስ ከርነል ያገኘሁትን ጥቂት ዕውቀት፣ ካደረስሁት ጥፋት ጋራ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

ዩኒክስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ሊኑክስን ደግሞ የዩኒክስን አሠራር ተከትሎ በ1991 መጻፍ የጀመረው፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው።

ሞጁል ማለት ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ በከርነሉ ላይ የሚጨመርና የሚነሣ ክፍል ነው። «ኢንስሞድ» በተባለው ትእዛዝ ይገባል፤ «አርኤምሞድ» በተባለው ይወጣል። ሲገባ የሚሠራ የመግቢያ ክፍል፣ ሲወጣም የሚሠራ የመውጫ ክፍል አለው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ እርሱን ብቻ ያስቆመዋል፤ ሞጁል ቢሳሳት ግን ከበላዩ ዳኛ የለውምና ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያቆም ይችላል።

እኔ የጻፍሁት ሞጁል ለከርነሉ «ከ5 ሰከንድ በኋላ ጥራኝ» ብሎ ቀጠሮ እየሰጠ፣ በተጠራ ቁጥር አንድ መልእክት በመዝገብ ላይ የሚጽፍ ነበር። መጀመሪያ አልገባ አለ፤ ለሌላ የከርነል እትም የተሠራ ነበርና። እትሙን «ዩኔም» በተባለው ትእዛዝ አይቼ እንደገና ብሠራው ገባ፤ መልእክቱንም በ«ዲሜስግ» አነበብሁ። ደስ ብሎኝ አወጣሁት። ወዲያው ስክሪኑ ደረቀ፤ ኪቦርዱም አልታዘዝ አለ።

ኮምፒውተሩን የተዋስሁት ከባልንጀራዬ ነበር። እርሱ ለዚህ መጽሔት የሚጽፈውን ሳያስቀምጥ ለምሳ ወጥቷል። አጥፍቼ ባስነሣው የጻፈው 3 ገጽ የለም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንደሚባለው፣ ጥፋቱን በኮምፒውተሩ እርጅና አመካኘሁ።

መምህራችን ግን «ከመገመትህ በፊት መዝገቡን አንብብ» አሉኝ። ስለዚህ ሙከራውን በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለት በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በሚሠራ ፕሮግራም ደገምሁት። በዚያም ከርነሉ ከመቆሙ በፊት የጻፈው ታየ፤ የሌለ የሜሞሪ አድራሻ መጠራቱንና በመጨረሻ የወጣውን ሞጁል ስም ይናገራል። ስሙም የእኔው ሞጁል ነበር!

ምክንያቱ ይህ ነው። ሞጁሉን ሳወጣ ከርነሉ ሞጁሉ የነበረበትን ሜሞሪ አስለቀቀ፤ እኔ ግን በመውጫው ክፍል ቀጠሮውን አልሰረዝሁም። ሰዓቱ ሲደርስ ከርነሉ ሊጠራው ሄደ፤ በቦታው ማንም የለም። እንግዳ ጠርቶ ቤቱን አፍርሶ እንደ ሄደ ሰው ሆንሁ ማለት ነው።

ከዚህ የተማርሁት፦

1ኛ. አዲስ ሞጁል የሰው ሥራ ባለበት ኮምፒውተር አይሞከርም።

2ኛ. የመግቢያው ክፍል ያደረገውን ሁሉ የመውጫው ክፍል ማፍረስ አለበት፤ ቀጠሮ ይሰረዛል፣ የተወሰደ ሜሞሪም ይመለሳል።

3ኛ. ስሕተት ሲደርስ ከመገመት ይልቅ መዝገብን ማንበብ ይቀድማል።

ለባልንጀራዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርሁት። በማግስቱ እርሱ ከቃሉ እየነገረኝ እኔ 3ቱን ገጽ ጻፍሁለት፤ በየአንቀጹም አስቀመጥሁ። ጽሑፉ በዚሁ መጽሔት ወጥቷልና አንብቡለት።