ሴንሰርን ከክላውድ ጋር ማገናኘት፤ መሣሪያው ዝም ሲል ምን እንረዳለን?

በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት ሴንሰር የተገጠመለትን መሣሪያ በኢንተርኔት አማካይነት ከክላውድ ጋር ስለማገናኘት ነው። ክላውድ በቁሙ ደመና ማለት ቢሆንም ከሰማይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ለብዙ ደንበኞች የሚሠራ የኮምፒውተር ማእከል ነው። ርእሱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ የሚመለከተው መስሎ የሚታየው ሰልጣኝ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ነገሩ በመሠረቱ የመልእክት ጉዳይ ነው። መልእክት እንዴት ይላካል? መድረሱስ በምን ይታወቃል? ካልደረሰስ ማን ይናገራል? ይህን ማንም መምህር ሊያስተምረው ይችላል።

ለምሳሌ የምንወስደው በአንድ ጤና ጣቢያ ያለን የክትባት ፍሪጅ ነው። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ኃይሉ ይዳከማል። አንዳንዶቹ ደግሞ፣ ለምሳሌ የቴታነስ ክትባት፣ በረዶ ከሆኑ ከጥቅም ውጭ ናቸው፤ ጠርሙሱን አይቶ መለየትም ያስቸግራል። ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር ይገባል፤ ሴንሰሩ ኢኤስፒ32 ከተባለው ዓይነት አነስተኛ መሣሪያ ጋር በሽቦ ይያያዛል፤ መሣሪያው በየ5 ደቂቃው ንባቡን ወደ ክላውድ ይልካል፤ የወረዳው ባለሙያ በስልኩ ያያል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ስልኩ ላይ አዲስ ቁጥር ሳይታይ 2 ሰዓት ሲያልፍ ነው። ፍሪጁ ደኅና ነው? መብራት ጠፍቷል? ኔትዎርክ ተቋርጧል? ወይስ አይጥ ሽቦውን በልታዋለች? ቁጥር መላክ የትምህርቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ዝምታውን መተርጎም ነው፤ እኛም ብዙውን ቦታ የምንሰጠው ለዚሁ ነው።

ስምምነቱ ከየት መጣ?

መሣሪያዎች ከክላውድ ጋር ከሚነጋገሩባቸው ስምምነቶች በጣም ከተስፋፉት አንዱ ኤምኪውቲቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአይቢኤም ባለሙያ የነበሩት አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር የተባሉ መሐንዲስ ያወጡት ነው። የታሰበውም በበረሃ የተዘረጋን የነዳጅ ቧንቧ በሳተላይት ለመቆጣጠር ነበር። የሳተላይት መስመር ቀርፋፋና ውድ ስለ ነበር እያንዳንዱ ባይት በገንዘብ ይታሰባል። ስለዚህ የመልእክቱ ራስጌ ከ2 ባይት እንዲጀምር አድርገው አሳጠሩት። በኋላም ኦአሲስ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት 3.1.1 የተባለውን ዕትም እ.ኤ.አ. በ2014፣ 5.0 የተባለውን ደግሞ በ2019 አጸደቀ። ለበረሃ ቧንቧ የታሰበው ነገር መብራትና ኔትዎርክ ለሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ መስማማቱ አያስገርምም፤ ሲሠራም መስመሩ ይቋረጣል ተብሎ ነውና።

ደላላውና ደንበኞቹ

በኤምኪውቲቲ ላኪና ተቀባይ ፊት ለፊት አይገናኙም። በመሀል ብሮከር የሚባል ፕሮግራም አለ። ቃሉ ደላላ ማለት ነው፤ እኛም ደላላ እንለዋለን፤ ኮሚሽን ግን አይቀበልም። (ክላውዱን የሚያከራየው ድርጅት በመልእክት ብዛት ሊያስከፍል ስለሚችል ይህ እንዳይረሳ።) መሣሪያው መልእክቱን በአንድ ርእስ ሥር ለደላላው ይሰጣል፤ ደላላው ደግሞ በዚያ ርእስ ለተመዘገቡ ደንበኞች ሁሉ ያድላል። መሣሪያው ማን እንደሚያነብለት አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገው። ነገ ሌላ አንባቢ ቢጨመር ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዶ መሣሪያውን መነካካት የለም።

ርእስ የሚጻፈው በእዝባር እየተከፈለ ነው፤ ጤናጣቢያ/ክትባት/ፍሪጅ1/ሙቀት እንደማለት። በፍሪጁ ስም ቦታ የመደመር ምልክት አግብቶ ጤናጣቢያ/ክትባት/+/ሙቀት ብሎ የተመዘገበ ደንበኛ የፍሪጆቹን ሁሉ ሙቀት ያገኛል። ርእስን በግእዝ ፊደል መጻፍ የተፈቀደ ነው፤ ስምምነቱ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን አጻጻፍ ይቀበላልና። ነገር ግን በዚህ አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የአማዞን ክላውድ ለአንድ ርእስ የሚፈቅደው እስከ 256 ባይት ሲሆን፣ ይህ በእኛ ፊደል ቢቆጠር 85 ብቻ ነው። እንግዲህ ርእሱ ይጠር።

መልእክት ለማድረስ 3 ደረጃዎች አሉ። በደረጃ 0 መሣሪያው ይልክና ይረሳዋል፤ ደብዳቤን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጥሎ እንደመሄድ ነው። ደረጃ 1 እንደ አደራ ደብዳቤ ነው፤ ደላላው ደረሰኝ እስኪመልስ ድረስ ላኪው የመልእክቱን ቅጂ ይዞ ይቆያል፤ ደረሰኙ ካልመጣም እንደገና ይልካል። ታዲያ መልእክቱ ደርሶ ደረሰኙ በመንገድ ቢጠፋስ? ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ደረጃ 2 ይህን በ4 ምልልስ ያስቀረዋል፤ ሆኖም የአማዞንም ሆነ የማይክሮሶፍት አይኦቲ ሃብ ደረጃ 2ን አይቀበሉም። ስለዚህ በደረጃ 1 ሠርቶ መደገምን መቻል ይሻላል እንላለን። «ሙቀቱ 5 ዲግሪ ነው» የሚል መልእክት ቢደገም ጉዳት የለውም። የውሃ ቆጣሪ ሆኖ «10 ሊትር ጨምር» የሚል መልእክት ቢደገም ግን ያልፈሰሰ ውሃ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ቆጣሪ አንባቢው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው፤ ጭማሪውን ትቶ ቆጣሪው ላይ ያለውን ጠቅላላ ቁጥር መላክ። 4,310 አሥር ጊዜ ቢደርስም ያው 4,310 ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናንሳ። አርዱይኖ የሚማሩ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፐብሰብክላየንት የተባለው ዝግጁ ፕሮግራም መልእክት የሚልከው በደረጃ 0 ብቻ ነው። «በደረጃ 1 ነው የምልከው» እያለ በእሱ የሚሠራ ሰልጣኝ ካለ መመሪያውን ደግሞ ያንብብ።

ኑዛዜ

ወደ ዝምታው እንመለስ። መሣሪያው ከደላላው ጋር ሲገናኝ በየስንት ሰከንዱ ድምፁን እንደሚያሰማ ያስታውቃል፤ 60 ሰከንድ እንበል። የሚልከው ንባብ ባይኖረው እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ «አለሁ» የምትል የ2 ባይት መልእክት ይሰዳል። ደላላው የተባለውን ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 90 ሰከንድ ጠብቆ ድምፅ ካጣ መስመሩን ይዘጋል። ከዚያም ኑዛዜውን ያነባል።

ኑዛዜ ያልነው ለማሳመር አይደለም፤ በስምምነቱም ስሙ ይኸው ነው። መሣሪያው ገና ሲገናኝ፣ በጤናው ሳለ፣ «ሳልሰናበት ብጠፋ ይህን ቃል በዚህ ርእስ አውጅልኝ» ብሎ ለደላላው ያስቀምጣል። በወጉ ተሰናብቶ ከሄደ ኑዛዜው ይሰረዛል፤ ድንገት ከጠፋ ይታወጃል። መብራት የጠፋበት መሣሪያ «መብራት ጠፋብኝ» ብሎ ሊልክ አይችልም እኮ! ቃሉን አስቀድሞ ለሌላ መስጠት አለበት።

ይሁን እንጂ የታወጀውን ቃል የሚሰማው በዚያች ቅጽበት የተገናኘ ደንበኛ ብቻ ነው። የወረዳው ባለሙያ ስልኩ ጠፍቶ ከነበረ አዋጁ ያልፈዋል። ለዚህ ሲባል መልእክት «ተለጥፎ ይቆይ» የሚል ምልክት ሊደረግበት ይችላል። ደላላው እንዲህ ካሉት መልእክቶች በየርእሱ የመጨረሻውን ይዞ፣ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ደንበኛ ወዲያው ያሳየዋል። ይህን የግድግዳ ጋዜጣ ሰኞ ያለፈም ዓርብ ያለፈም እንደሚያነበው ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሲገናኝ ፍሪጅ1/ሁኔታ በሚል ርእስ «አለ» ብሎ ይለጥፋል፤ ኑዛዜው ደግሞ በዚያው ርእስ «የለም» የሚል፣ ተለጥፎ የሚቆይ ይሆናል። ባለሙያው ስልኩን በከፈተ ሰዓት ከሁለቱ አንዱን ያገኛል።

ኑዛዜው የሚነግረን መስመሩ መሞቱን ነው፤ መብራት ይሁን ኔትዎርክ አይለይም። ያም ቢሆን «ሂዱና እዩት» ለማለት ይበቃል።

ቁጥር የመሰለ ዝምታ

ከዚህ የከፋው መሣሪያው ሕያው ሆኖ ሴንሰሩ ሲሞት ነው። «አለሁ» የሚለው ድምፅ አይቋረጥም፤ ኑዛዜም አይነበብም፤ ቁጥርም ይመጣል። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የታወቀ የሙቀት ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ ከተጠየቀ 85 ብሎ ይመልሳል። ሽቦው ሲነቀል ደግሞ በአርዱይኖ የሚሠራበት የተለመደው ዝግጁ ፕሮግራም −127 ይሰጣል። ሁለቱም ቁጥር ይመስላሉ እንጂ ንባብ አይደሉም።

ይህ ምን ያመጣል የሚል ካለ እርሳስ ያንሳና ያስላ። ፍሪጁ ተበላሽቶ 12 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ከ20 ንባቦች 19ኙ 12፣ አንዱ ሽቦው ላልቶ −127 ቢሆኑ ድምሩ 228 ሲቀነስ 127፣ ማለትም 101 ነው። ለ20 ሲካፈል 5.05 ዲግሪ ይወጣል። ከ2 እስከ 8 ባለው ውስጥ ነው፤ ማስጠንቀቂያው አይጮህም፤ ሕፃናቱም ኃይሉ የተዳከመ ክትባት ይወጋሉ። በተቃራኒው 19ኙ 5፣ አንዱ 85 ቢሆኑ አማካዩ 9 ይሆንና ደኅና ፍሪጅ ተበላሽቷል ይባላል። ስለዚህ መሣሪያው ከማማከሉ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ለይቶ በሌላ ርእስ «ሴንሰር ተበላሽቷል» ብሎ መላክ አለበት። አማካይ ማውጣት ለሚያስተምር የሂሳብ መምህርም ይህ ከመጽሐፉ ምሳሌ የተሻለ ምሳሌ ይመስለናል።

የሰዓት ነገርም አለ። ኔትዎርክ ለ3 ሰዓት ቢጠፋ ደኅና የተሠራ መሣሪያ 36ቱን ንባብ አከማችቶ መስመሩ ሲመለስ ይልካቸዋል። ክላውዱ የደረሱበትን ሰዓት ብቻ ከመዘገበ ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ የተለኩ ይመስላሉ። ስለዚህ የተለካበት ሰዓት በመልእክቱ ውስጥ ይጻፍ። በየትኛው አቆጣጠር? ለእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነው ቅጽበት በፈረንጅ አቆጣጠር 9፣ በግሪንዊች ደግሞ 6 ነው። መሣሪያው ሁልጊዜ በግሪንዊች ይላክ፤ ወደ እኛ ሰዓት መለወጡ የሚያሳየው ስልክ ሥራ ይሁን። ባትሪ ያለው ሰዓት ያልተገጠመለት መሣሪያ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጊዜውን ይረሳና ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይጀምራል፤ ከኢንተርኔት ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ የያዘው ጊዜ ውሸት መሆኑን ማወቅ ነው።

ስምና ቁልፍ

እያንዳንዱ መሣሪያ ከደላላው ጋር የሚገናኘው በራሱ መለያ ስም ነው። በአንድ ስም ሁለተኛ መሣሪያ ሲመጣ ደላላው የመጀመሪያውን ያስወጣል። የተባረረው ተመልሶ ሲገናኝ ደግሞ ሁለተኛው ይባረራል። ሰልጣኞች አንዱን ፕሮግራም ገልብጠው ሁለት መሣሪያ ላይ ሲጭኑ ይህ ጠብ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል፤ ሰውም ኔትዎርኩን ይወቅሳል።

በበር ቁጥር 1883 የሚያልፈው መልእክት፣ የይለፍ ቃሉ ጭምር፣ በተለምዶ ያልተሸፈነ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ያነበዋል። ወደ ክላውድ የሚሄደው በ8883 ተመሥጥሮ ይሂድ። ለእያንዳንዱ መሣሪያም የራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ አንዱ ቢሰረቅ የእሱ ብቻ ይሰረዛል።

የክላውዱ አድራሻ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀርም እንመክራለን። ጉግል አይኦቲ ኮር የተባለውን የዚህ ዓይነት አገልግሎቱን ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2023) ዘግቷል፤ ደንበኞቹም መሣሪያዎቻቸውን ወደ ሌላ ማዛወር ነበረባቸው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ተቋም ደግሞ ሞስኪቶ የተባለውን ነፃ ደላላ በግቢው ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ መስመር ሲገኝ ወደ ክላውድ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል።

በክፍል ውስጥ

ለማስተማር የሚወጣ ሰልጣኝ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ሊያሳይ ይችላል። አንድ ተማሪ ደላላ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ። ሦስት ተማሪዎች ፍሪጅ ይሁኑና በቁራጭ ወረቀት ላይ ሙቀትና ሰዓት እየጻፉ በየ2 ደቂቃው ያቀብሉት። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ኑዛዜያቸውን በፖስታ አሽገው ይስጡት። የቀሩት ተማሪዎች ለየመረጡት ርእስ ይመዝገቡ። ጨዋታው ሲሞቅ መምህሩ ፍሪጅ2 የሆነውን ተማሪ በዓይን ጥቅሻ ከክፍል ያስወጣው። ደላላው 3 ደቂቃ ቆጥሮ ፖስታውን ይቀድ፣ ያንብብ፣ ሰዓቱን ጨምሮም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ከዚያ ውጭ ቆይቶ የገባ ተማሪ «ፍሪጅ2 ስንት ዲግሪ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። «አይታወቅም፤ ከ3 ሰዓት ከ10 ጀምሮ የለም» ብሎ ከመለሰ ገብቶታል። የመጨረሻውን ወረቀት አይቶ «5 ዲግሪ» ካለ ግን ጨዋታው ከኑዛዜው ጀምሮ ይደገም።