እግር ውኃ እንዳይቋጥር ስለ መጠንቀቅ

ጁባ ሙቀት የሚበረታባት ከተማ ናት። አስፋልት ያልለበሰው መንገዷ በበጋ አቧራ፥ በዝናም ወራት ጭቃ ነው። በዚህ መንገድ ለሥራው የሚመላለስ ወይም ለስፖርት የሚሮጥ ሰው እግሩ ውኃ ቢቋጥር ብዙ ጊዜ ነገሩን ይንቀዋል። ነገር ግን የቋጠረው ፈንድቶ ቆሻሻ ሲገባበት ያመረቅዛል፤ ሰውየውንም ከሥራው ያስቀረዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጫማ ወይም ካልሲ ቆዳን ደጋግሞ ሲያሸው የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ከሥረኛው ይላቀቅና በመካከሉ ውኃ ይሞላል። ላብ ቆዳውን ስለሚያለሰልሰው ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

ለዚህም የአበበ ቢቂላ ታሪክ ያስተምረናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሊምፒክ ማራቶን ለመሮጥ በተዘጋጀ ጊዜ ያገኘው አዲስ ጫማ አልተስማማውም። ስለዚህ በልምምድ እንደ ለመደው በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ግን ጫማ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ ድል አደረገ። እንግዲህ ትምህርቱ ጫማን መጣል አይደለም፤ እግር ያልለመደውን ነገር በረዥም መንገድ ቀን አለመጀመር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ ጫማ የሚገዛው እግር አበጥ በሚልበት በማታ ጊዜ ይሁን፤ ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ቦታ ይቅር።

2ኛ፤ አዲስ ጫማ በአጭር መንገድ ለብዙ ቀን ይለመድ።

3ኛ፤ ካልሲ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ በላብ ሲርስ ይለወጥ። የጥጥ ካልሲ እርጥበት ስለሚይዝ የሱፍ ወይም የናይለን ይሻላል።

4ኛ፤ ተረከዝና ጣት የሚታሹበት ስፍራ አስቀድሞ ፕላስተር ይለጠፍበት ወይም ቫዝሊን ይቀባ።

5ኛ፤ በመንገድ ላይ አንዱ ስፍራ ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ጫማውን ማውለቅና መሸፈን ነው። «ትንሽ ቀረኝ» ብሎ መታገሥ ያቆስላል።

ውኃ ከቋጠረም በኋላ ቆዳውን መላጥ ክልክል ነው። በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ቢሸፈን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። መግል ወይም ትኩሳት የታየበት፥ እንዲሁም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። እግሩን የጠበቀ መንገዱን ይፈጽማልና።