እግር ሲያብጥና ፊት ሲያብጥ

እናቶች ሆይ! እርግዝናው ሰባት ወር ካለፈ በኋላ የወገብ ሕመም፣ ቃርና የእግር እብጠት የተለመደ ነው። በደባርቅና በዳባት ደጋ ዳገት እየወጣች ውሃ ለምትቀዳ ሴት ደግሞ ይብስባታል። ስለዚህ እንስራውንም ሆነ ጀሪካኑን ባል ይሸከምላት፤ ነውር የለበትም። እርሷም ቀን መደብ ላይ ጋደም ብላ እግሯን በታጠፈ ጋቢ ከፍ ታድርግ። ሌሊት በጎኗ፣ ይልቁንም በግራዋ ትተኛ፤ በጀርባ ስትተኛ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ለቃሩ በርበሬ መቀነስ፣ ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መብላት፣ እንደበሉም አለመተኛት ይበጃል። ኮሶ ግን ፈጽሞ አይጠጣ፤ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል።

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እግር አብዛኛውን ጊዜ የድካም ነው። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ፣ ራስ አልለቅ ብሎ ሲፈልጥ፣ ዓይን ብዥ ሲል ግን የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ሴቲቱን ጥሎ ያንፈራግጣታል፤ ጎረቤትም «ለክፏት ነው» ይላል። እርሷንም ልጇንም ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። ስለዚህ ምልክቱ እንደታየ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በቃሬዛም ቢሆን ጤና ጣቢያ አድርሷት። እዚያ ግፊቷን ይለካሉ፣ ሽንቷንም ይመረምራሉ። ደም ከፈሰሳት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰም እንዲሁ አድርጉ።