ሕዝቅያስና የበለሱ ጥፍጥፍ



«ካንሰር ነው» የተባለ ሰው ሲያለቅስ «እምነት የለህም» አንበለው። ንጉሡ ሕዝቅያስም እንደሚሞት በተነገረው ጊዜ አምርሮ አልቅሷል፤ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ልብ እንበል! ተስፋውን ከሰማ በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20)። ስለዚህ ጸሎትና ጸበል መድኃኒትን አያስተዉም። በጊዜ የተደረሰበት ካንሰር ብዙ ጊዜ ይድናል።

በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም የተሰየመ ነው፤ የወላጆች ኀዘን ለሌሎች ሕሙማን መጠጊያ ሆነ።

ከዋጫ በቦንጋና በጅማ አድርጎ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ገንዘብና አስታማሚ ያስፈልጋል። እንግዲህ «አይዞህ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ መሳፈሪያውን እናዋጣ፣ ቡናውን እንልቀምለት፣ ልጆቹን እንጠብቅለት። ተስፋ በሥራ ይገለጣልና።